ባሕር ላይ የቀረ ኮንቴይነር

ሰፈርዎ ውስጥ ሱቅ የሆነ አሮጌ ኮንቴይነር አይጠፋም። ያንኑ የብረት ሣጥን አሁን በውቅያኖስ መካከል፣ በጨለማ፣ ጣሪያው ብቻ ከውኃው ብቅ ብሎ ሲንሳፈፍ ያስቡት። አንዲት የሸራ ጀልባ በፍጥነት ወደ እሱ እየመጣች ነው፤ ብቸኛው መርከበኛዋ ደግሞ ተኝቷል።

ኮንቴይነሩ እዚያ ምን ይሠራል? የጭነት መርከቦች ኮንቴይነሮችን እንደ ፎቅ ደራርበው ነው የሚጓዙት። ማዕበል መርከቧን ሲንጣት ማሰሪያው ይበጠስና ክምሩ ይናዳል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 «ዋን አፐስ» የተባለችው መርከብ ከቻይና ወደ አሜሪካ ስትጓዝ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ 1,816 ኮንቴይነሮች ወድቀውባታል።

የወደቀው ሁሉ ቢሰምጥ መርከበኞች ባልተጨነቁ። ነገር ግን ቀላል ዕቃ የያዘው ወዲያው አይሰምጥም። በተለይ የማቀዝቀዣ ኮንቴይነር ግድግዳው በፎም የተሞላ ስለሆነ ረጅም ጊዜ ይንሳፈፋል። ከውኃው ብዙም ከፍ ስለማይል ራዳር ከማዕበሉ ለይቶ አያሳየውም።

«ታዲያ ለምን ነቅተው አይጠብቁም?» ይሉ ይሆናል። ትልቅ መርከብ ላይ ተረኛ ጠባቂ አለ። ብቻውን ዓለምን የሚዞር ሰው ግን መተኛቱ አይቀርም። «ቫንዴ ግሎብ» በየ4 ዓመቱ የሚካሄድ፣ ከፈረንሳይ ተነሥተው ያለ ረዳትና ያለ ማረፊያ ዓለምን የሚዞሩበት ውድድር ነው። እንግሊዛዊቷ ሳም ዴቪስ በ2020ው ውድድር ላይ ከደቡብ አፍሪካ በስተደቡብ ከማታውቀው ነገር ጋር ተጋጨች። በፍጥነት ትበር የነበረችው ጀልባ ድንገት ቀጥ አለች፤ ሚዛኗን የሚጠብቀው የሥረኛው ክፍሏም ተጎዳ። ዴቪስ ኬፕታውን ገብታ አስጠገነችና ከውድድሩ ውጪ ሆናም ዙሩን ጨረሰች። የመታችው ምን ነበር? ግንድም ዓሣ ነባሪም ሊሆን ይችላል፤ መርከበኞች ሁሉንም በኮንቴይነር ማሳበብ ይቀናቸዋል።

እኔን ግን ከኮንቴይነር ይልቅ የሚያስደነግጠኝ ተራ ገመድ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1993 «ሶሄ» የተባለች የደቡብ ኮሪያ የመንገደኞች መርከብ በከባድ አየር ተገልብጣ 292 ሰዎች አለቁ። ከአቅሟ በላይ 362 ሰዎች ጭና ነበር። ከሥሯ ያሉት ፕሮፔለሮች ላይ የናይለን ገመድ ተጠምጥሞ ተገኘ። ፕሮፔለሯ የታነቀባት መርከብ ማዕበሉን በፊቷ መቀበል አትችልም፤ በጎኗ ይመታታል። ባሕር ላይ የሚጣል ገመድና የዓሣ መረብ ደግሞ ናይለን ነውና አይበሰብስም።

ለእኛም ሩቅ ወሬ አይደለም፤ በጅቡቲ በኩል የሚገባልን ዕቃ የሚጓዘው በእነዚሁ ኮንቴይነሮች ነው። ከጥር 2026 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኮንቴይነር የጣለች መርከብ ካፒቴን በአቅራቢያው ላሉ መርከቦችና ለቅርቡ የባሕር ዳርቻ አገር ወዲያውኑ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ኮንቴይነሩ ነፋስና ሞገድ ወደ ወሰዱት ይሄዳል፤ ዛሬ የተነገረው ቦታ ለነገ ሌሊት ተጓዥ አይሆነውም።