ለካንሰር ታማሚ የጀርባ ሕመም፦ ኤም አር አይ ምን ያሳያል?

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ጀርባውን ያመመው ሰው “ብርድ ነው” ይባላል፤ ይታሻል፣ ወጌሻ ይጠራለታል። ለብዙዎች ሕመሙ የድካም ነውና ያልፋል። የጡት፣ የሳንባ ወይም የፕሮስቴት ካንሰር ተገኝቶበት የነበረ ሰው ግን አዲስ የጀርባ ሕመም ሲሰማው ሐኪም ሳያየው መታሸት የለበትም። እነዚህ ካንሰሮች ወደ አከርካሪ መሰራጨት ይቀናቸዋል። የተበላ አጥንት ሲታሽ ሊሰበር፣ ዕጢውም አድጎ ኅብለ ሰረሰርን ሊጫን ይችላል።

ራጅ ጉዳቱን የሚያሳየው ብዙውን ጊዜ የአጥንቱ ማዕድን ከሲሶ እስከ ግማሽ ከጠፋ በኋላ ነው። ኤም አር አይ ግን ቀድሞ ይደርሳል። ጨረር የለውም፤ በኃይለኛ ማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ አማካይነት በሰውነት ውሃና ስብ ውስጥ ካለው ሃይድሮጅን ምስል ያወጣል። ቲ 1 በሚባለው ምስል የአዋቂ ሰው ጤነኛ መቅኔ ስብ ስላለው ነጣ ይላል፤ ካንሰር የገባበት ይጠቁራል። በቲ 2 ደግሞ ኅብለ ሰረሰሩን የከበበው ፈሳሽ ነጭ ሆኖ ስለሚወጣ፣ ዕጢው የተጫነበት ቦታ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ካንሰሩ በበርካታ ቦታ ሊኖር ስለሚችል የሚነሳው መላው አከርካሪ ነው።

በአገራችን የአከርካሪ ቲቢም አብሮ ይታሰባል። ቲቢ ብዙ ጊዜ በአጥንቶቹ መካከል ያለውን ዲስክ ያጠፋል፣ መግልም ይቋጥራል፤ ካንሰር ግን አጥንቱን ይዞ ዲስኩን ይተወዋል። ምስሉ ካልለየው ናሙና ተወስዶ ይመረመራል።

ማግኔቱ ምርመራ በሌለበት ሰዓትም ይስባል። ስለዚህ የአንገት መስቀል፣ በብር የተለበጠ ክታብ፣ ቀለበትና ሞባይል ውጭ ይቀራሉ። የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመለት፣ በ2014ቱ ጦርነት ጥይት ወይም ፍንጣሪ በሰውነቱ የቀረበት ሰው ከመግባቱ በፊት ይናገር። መሣሪያው ሲሠራ በኃይል ያንኳኳል፤ ጆሮ መሸፈኛ ይሰጣል። ታማሚው ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ሳይንቀሳቀስ መተኛት አለበት።

ጫና ከተገኘ ስቴሮይድ ይጀመራል፤ ጨረር ወይም ቀዶ ሕክምና ይከተላል። ለጨረር ሕክምና አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ድረስ የሚላክ ታማሚ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛልና እያንዳንዱ ቀን ዋጋ አለው። ሕክምናው ሲጀመር በእግሩ የሚሄድ ታማሚ መራመዱን የመቀጠል ዕድሉ ሰፊ ነው። እግር ከዛለ ወይም ከደነዘዘ፣ ሽንት ወይም ሰገራ አልቆጣጠር ካለ፣ ነገን ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።