በከፍታ ላይ የቤት ማቀዝቀዣ መቀየር

ሴንትራል ኤሲ እየተባለ የሚጠራው ማዕከላዊ የአየር ማቀዝቀዣ ቅዝቃዜ አይፈጥርም፤ በቤት ውስጥ ያለውን ሙቀት እየለቀመ ወደ ውጭ ይጥላል። ለዚህም አራት ነገሮች ያስፈልጉታል። ግቢ ወይም ጣሪያ ላይ የሚቀመጠው አውትዶር ከነኮምፕሬሰሩ፣ ቤት ውስጥ ያለው ኮይል ከነማራገቢያው፣ ሁለቱን የሚያገናኘው የመዳብ ቱቦ ከነጋዙ፣ በመጨረሻም የቀዘቀዘውን አየር በኮርኒስ ውስጥ ለውስጥ ወደየክፍሉ የሚያደርሰው ዳክት ናቸው። በደንብ የተያዘ ማሽን ከ15 እስከ 20 ዓመት ያገለግላል። ጊዜው ሲደርስ ሥራው አሮጌውን አውርዶ ያንኑ የሚያህል አዲስ መትከል ብቻ ይመስላል። ላምበረትን በመሰለ ከፍታ ላይ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም።

ላምበረት ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በአውቶቡስ መናኸሪያው የሚታወቅ የየካ ክፍለ ከተማ ሰፈር ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ ከበስተሰሜኑ ያለው የየካና የእንጦጦ ተራራ ደግሞ ከዚህም ያልፋል። የዓመቱ ሞቃት ጊዜ ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ነው፤ ያን ጊዜም ቢሆን የቀኑ ሙቀት በአብዛኛው 25 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። በዚህ ምክንያት በሰፈሩ ሴንትራል ኤሲ ያለው መኖሪያ ቤት ጥቂት ነው። ማቀዝቀዣ የሚገኘው ይበልጡን በሆቴሎች፣ በእንግዳ ማረፊያዎች፣ በቢሮዎችና ትልልቅ መስታወት ባላቸው አዳዲስ ቪላዎች ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ፣ ጋምቤላና ሰመራ ደግሞ ከዚያ በእጅጉ ዝቅ ብለው የሚገኙ ከተሞች ናቸው፤ እዚያ ማቀዝቀዣ የሚታገለው ከውጭ ከሚገባው ሐሩር ጋር ነው። ላምበረት ላይ ግን የውጭው አየር ራሱ ቀዝቃዛ ነው። ቤቱን የሚያሞቀው ፀሐይ ነው።

አሮጌውን ከመቀየር በፊት መታየት ያለበትም ይኸው ነው። ብዙው ሙቀት በጣሪያ በኩል ይገባል። ቆርቆሮ ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ሲጠበስ ይውልና ሙቀቱን ወደ ኮርኒሱ ይለቅቃል፤ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ሙቀት የሚከላከል ነገር ከሌለ፣ አየር የሚወጣበት ቀዳዳም ካልተተወ ክፍሉ ከሰዓት በኋላ ይታፈናል። ቀጥሎ የሚመጣው ወደ ምዕራብ የዞረ መስታወት ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስላለች የቀትር ፀሐይ አናት ላይ ነው የምትውለው፤ አጭር የጣሪያ ክፈፍ ከእሷ ያስጥላል። ከ9 ሰዓት በኋላ ግን ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ከጎን ስለምትገባ ክፈፍ አይመልሳትም፤ የሚመልሳት ከውጭ በኩል ያለ መከለያ፣ በረንዳ ወይም ዛፍ ነው። ከውስጥ የተሰቀለ መጋረጃ ብርሃኑን ይጋርዳል እንጂ መስታወቱን አልፎ የገባውን ሙቀት መልሶ አያስወጣም። ወፍራም የጭቃ ግድግዳና ትንንሽ መስኮት ያላቸው የድሮ ቤቶች ቀን የማይሞቁት፣ ሌሊትም ቶሎ የማይቀዘቅዙት ግድግዳቸው ሙቀትን ቀስ ብሎ ስለሚያሳልፍ ነው። ባለ ቀጭን ብሎኬትና ባለ ሰፊ አልሙኒየም መስኮት ቤት ይህን ጥቅም አጥቷል፤ ብዙ ጊዜ ማቀዝቀዣ የሚገዛለትም ይህንኑ ለማካካስ ነው። ስለዚህ ለአዲስ ማሽን ከተያዘው በጀት ጥቂቱን ለኮርኒስና ለመከለያ ማዋል የሚተከለውን ማሽን ያሳንሳል፤ አንዳንዱን ቤት ጭራሽ ከግዢ ያድነዋል።

ጥገና ወይስ ቅያሬ የሚለውን በአብዛኛው የሚወስነው ጋዙ ነው። አሮጌ ማሽኖች የሚሠሩት አር-22 በሚባለው ጋዝ ነው። ጋዙ የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1987 የተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ከገበያ እንዲወጣ ወስኖበታል፤ ኢትዮጵያም አባል ናት። ለታዳጊ አገሮች የተሰጠው የጊዜ ገደብ እ.ኤ.አ. 2030 ሲሆን ከዚያ በኋላ የሚፈቀደው ለነባር ማሽኖች ጥገና የሚውል ጥቂት መጠን ብቻ ነው። አር-22ን የተካው አር-410ኤ ኦዞንን አይነካም፤ ነገር ግን ምድርን በማሞቅ ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 2,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 ኪጋሊ ላይ የተደረገው ማሻሻያ ይህንንም ደረጃ በደረጃ እንዲቀንስ አድርጓል። አሁን እየተስፋፋ ያለው አር-32 የማሞቅ ኃይሉ የአር-410ኤን አንድ ሦስተኛ ያህል ነው፤ በመጠኑ ተቀጣጣይ ስለሆነ ግን የሚተክለው ባለሙያ ሥልጠና ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አቋራጭ አለ፤ የውጭውን ማሽን ብቻ ቀይሮ የውስጡን ኮይልና ቱቦ እንዳለ መተው። አር-410ኤ የሚሠራበት ግፊት ከአር-22 በ60 በመቶ ገደማ ይበልጣል፤ ኮምፕሬሰሩን የሚያለሰልሰው ዘይትም ሌላ ነው። ለአሮጌው ግፊት የተሠራ ኮይል አዲሱን አይችልም፤ ቱቦው ውስጥ የቀረ አሮጌ ዘይትም ከአዲሱ ጋር አይስማማም። ርካሽ መስሎ የጀመረው ሥራ መጨረሻው ኮምፕሬሰር መግዛት ይሆናል። ውጭና ውስጡ አብሮ መቀየር፣ ቱቦው ደግሞ ካልተቀየረ በደንብ መታጠብ አለበት።

የማሽን አቅም የሚለካው በቢቲዩ ሲሆን በሰዓት 12,000 ቢቲዩ አንድ ቶን ይባላል፤ ይህም 3.5 ኪሎዋት ያህል ሙቀት የማውጣት አቅም ነው። ችግሩ የሚጀምረው ለአንድ ካሬ ሜትር ይህን ያህል ቢቲዩ እየተባለ ከሞቃት አገር የመጣ ስሌት እንዳለ ሲወሰድ ነው። የውጭው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ለሚያልፍበት ከተማ የተሠራ ቁጥር ላምበረት ላይ ማሽኑን ያለ ልክ ያተልቀዋል። ከልክ በላይ የሆነ ማሽን ክፍሉን በደቂቃዎች አቀዝቅዞ ይጠፋል፣ እንደገና ይነሳል፤ በየጊዜው መነሳቱ ኮምፕሬሰሩን ያደክማል። በሌላ በኩል ከፍታው ራሱ የማሽኑን አቅም ይቀንሳል። በ2,400 ሜትር ላይ አየር ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል፤ የከተማው ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚፈላውም ከዚሁ የተነሣ ነው። ማራገቢያ የሚገፋው የአየር ስፋት አይለወጥም፤ ያ አየር የሚሸከመው ሙቀት ግን ያንሳል። ጋዙ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ስለሚዞር የውጭው ግፊት በቀጥታ አይነካውም፤ ስለዚህ ማሽኑ የሚያጣው አቅም አየሩ የሳሳውን ያህል አይሆንም። ያም ሆኖ ካታሎግ ላይ የሰፈረው ቁጥር ለባሕር ወለል የተለካ ነው፤ ሻጩ በከፍታ የተስተካከለውን የአምራቹን ሠንጠረዥ እንዲያሳይ መጠየቅ ይገባል። ሁለቱ ስሕተቶች አንዱ አንዱን ያጣፋል ብሎ መተማመን ግን ስሌት አይደለም።

ዳክት ላለው ቤት ላምበረት አንድ ትልቅ ዕድል ትሰጠዋለች። የውጭው አየር ከቤቱ በሚቀዘቅዝበት ሰዓት፣ ይህም የዓመቱ አብዛኛው ሰዓት ነው፣ ኮምፕሬሰሩን ማስነሳት ሳያስፈልግ ንጹሕ አየር በማጣሪያ አሳልፎ በዚያው ዳክት ማስገባት ይቻላል። ለዚህ የሚያስፈልገው በውጭ አየር ማስገቢያው ላይ የሚገጠም፣ በቴርሞስታት የሚታዘዝ ከፍቶ የሚዘጋ በር ነው። በደረቁ ወራት የቀንና የሌሊቱ ሙቀት በጣም ስለሚራራቅ ሌሊት ወይም ማለዳ የገባው አየር ግድግዳውን አቀዝቅዞ ቤቱን እስከ ከሰዓት ሊያቆየው ይችላል። አሮጌው ዳክት እንዲያገለግል ከተፈለገ ግን መጀመሪያ መመርመር አለበት። መጋጠሚያው የላላ ዳክት የቀዘቀዘውን አየር ኮርኒስ ውስጥ አፍስሶ ይቀራል፤ አቧራና የአይጥ ጎጆም ያጠራቅማል።

የኤሌክትሪኩ ጉዳይ ከውጭ አገር ዕቃ ይዞ የሚመለሰውን ሰው በተለይ ይመለከታል። የኢትዮጵያ መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው፤ የአሜሪካ 60 ኸርዝ ነው። የአሜሪካን ሴንትራል ኤሲ ቮልቴጁ ተቀራራቢ ነው ብሎ ላምበረት ላይ የሚሰካ ሰው ሞተሩ በዝግታ እየዞረ፣ ከልኩ በላይ ኤሌክትሪክ እየሳበ ሲግል ያገኘዋል። ትራንስፎርመር ቮልቴጁን ያስተካክላል እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤቱን ሲያድስ የሚሰማው ምክርም እዚህ አይሠራም። የዚያ ከተማ በጋ ሞቃትና ወበቃማ ስለሆነ ማሽኑ የሚመረጠው እርጥበትን በማውጣት ችሎታው ጭምር ነው፤ አሜሪካም እ.ኤ.አ. ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ አዲስ የሚመረቱ የቤት ማቀዝቀዣዎች አር-410ኤን እንዳይጠቀሙ ደንግጋለች። በላምበረት ደረቅ ወራት እርጥበት ችግር አይደለም። ችግሩ መብራት ሲጠፋና ሲመጣ የሚከተለው የቮልቴጅ መውጣትና መውረድ ነው። ኢንቨርተር ያላቸው አዳዲስ ማሽኖች ፍጥነታቸውን እንደ ፍላጎቱ ስለሚያስተካክሉ ፍጆታቸው ይቀንሳል፤ ይሁንና ውስጣቸው ያለው የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ለቮልቴጅ መዛባት ስስ ነው። ስታቢላይዘር፣ መብራት ከመጣ በኋላ ማሽኑን ለጥቂት ደቂቃ የሚያዘገይ መከላከያ፣ ለብቻው የተዘረጋ መስመርና ብሬከር አብረው በሒሳቡ ውስጥ መግባት አለባቸው።

በተከላው ጊዜ ከፍታው ልምድ ያለውን ቴክኒሽያን ሳይቀር የሚያሳስትበት ቦታ አለ። ጋዝ ከመሞላቱ በፊት ቱቦው በናይትሮጅን ተሞክሮ፣ አየሩና እርጥበቱ በቫኪዩም ፓምፕ ተመጥጦ መውጣት አለበት። ተራው ጌጅ የሚለካው ከአካባቢው አየር ጋር ያለውን ልዩነት ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ፍጹም ባዶ ቱቦ 30 ኢንች ሜርኩሪ ገደማ ያሳያል፤ ላምበረት ላይ መርፌው 22 አካባቢ ደርሶ ይቆማል። ይህን የማያውቅ ሰው ፓምፑ ተበላሽቷል ወይም ቱቦው ያፈሳል ብሎ ያልተበላሸውን ይፈታል፤ ወይም መርፌው ስለቆመ ብቻ ሥራው አለቀ ብሎ እርጥበት ውስጡ ያስቀራል። ትክክለኛው መሣሪያ ግፊትን ከባዶ ጀምሮ በማይክሮን የሚለካው የቫኪዩም ጌጅ ነው፤ ከ500 ማይክሮን በታች ወርዶ ፓምፑ ከጠፋ በኋላ እዚያው አካባቢ መቆየት አለበት። ጋዝ ሲሞላም የግፊቱ ሠንጠረዥ ሲነበብ ተመሳሳይ ልዩነት አለ። ተራው ጌጅ በዚህ ከፍታ ለባሕር ወለል ከተዘጋጀው ሠንጠረዥ በ3.7 ፒኤስአይ ገደማ ከፍ ብሎ ያነባል።

ማሽን ሲቀየር ማሞቂያም ያለው ዓይነት ቢመረጥ ላምበረት ላይ ከማቀዝቀዣው ይልቅ የማሞቂያው ጥቅም ሊበልጥ ይችላል። አቅጣጫውን ገልብጦ ከውጭው አየር ሙቀት የሚለቅመው ይህ ማሽን በአንድ ኪሎዋት ኤሌክትሪክ ሦስት ኪሎዋት ያህል ሙቀት ወደ ቤት ማስገባት ይችላል፤ የላምበረት ሌሊት ለእሱ ከባድ ብርድ አይደለም። አማራጩ በብዙ ቤት የከሰል ምድጃ ነው። በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል ሽታና ቀለም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ የተኙ ሰዎችን ሳያነቃ ይገድላል። በሌሊት የተቀጣጠለ ከሰል ይዞ የሚተኛ ቤተሰብ ባለበት ቤት ገንዘቡ ከማቀዝቀዣ በፊት ለማሞቂያው ቢውል ይሻላል።

ተከላው ሲያበቃ ወደ ኮይሉ የሚገባውና ከኮይሉ የሚወጣው አየር በቴርሞሜትር ይለካል። የተለመደው ልዩነት ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ነው። አየሩ ስለሳሳ ላምበረት ላይ ልዩነቱ ከዚህ ከፍ ቢል ሁልጊዜ የብልሽት ምልክት አይደለም፤ ማራገቢያው በአምራቹ ሠንጠረዥ መሠረት ከፍ መደረጉን ማረጋገጥ ግን ያስፈልጋል። የተሞላው የጋዝ ዓይነትና መጠን፣ የቫኪዩሙ ውጤትና ቀኑ ተጽፎ ማሽኑ ላይ ቢለጠፍ ቀጣዩ ባለሙያ በግምት አይሠራም። ፊልተሩ በደረቁና አቧራማው ወራት ቶሎ ቶሎ መታጠብ ይፈልጋል። የኮይሉ ውሃ መውረጃ በእነዚያው ወራት ውሃ ስለማያይ መዘጋቱ ሳይታወቅ ይቆያል፤ ከበልግ ዝናብ በፊት ውሃ አፍስሶ መሞከሩ ኮርኒስ ከመበስበስ ያድናል።