የሚነቃነቅ ግማሽ ግድግዳና አጸናኑ

ግማሽ ግድግዳ ከወለል ተነሥቶ ጣሪያ ሳይደርስ የሚያበቃ፣ ብዙውን ጊዜ ከ90 እስከ 120 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው አጭር ግድግዳ ነው። በመኖሪያ ቤት ውስጥ በብዛት የሚገኘው በማድ ቤትና በሳሎን መካከል ነው። ምግብ የሚያበስለው ሰው ከቤተሰቡና ከእንግዳው ጋር እንዲተያይ ያደርጋል፤ ድስቱንና ያልታጠበውን ዕቃ ደግሞ ከዓይን ይከልላል። ላዩ ግራናይት ወይም ጣውላ ሲለብስ ሳህን ይቀርብበታል፣ እንግዳ ክርኑን ያሳርፍበታል፣ ልጅ ይንጠላጠልበታል። ከቤቱ ግድግዳዎች ሁሉ ሰው አዘውትሮ የሚገፋውና የሚደገፈው እርሱን ነው፤ ከቤቱ ጋር ያለው ትስስር ግን ከሁሉም ያነሰ ነው። መነቃነቁ የሚመጣው ከዚህ ነው።

በኢትዮጵያ ማድ ቤት ለረጅም ዘመን ከዋናው ቤት ተነጥሎ በጓሮ ሲሠራ ኖሯል፤ የማገዶ ጭስና የእሳት ስጋት ግድ ይሉ ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣድና የጋዝ ምድጃ ሲለመዱ ማድ ቤቱ ወደ ዋናው ቤት ገባ፤ መጀመሪያ በር ያለው ጠባብ ክፍል ሆኖ፣ ቆይቶ ደግሞ ለሳሎን ክፍት ሆኖ። በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ እንደ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ተፍኪ ባሉ አካባቢዎችም ቤት ሲታደስ ግማሽ ግድግዳ በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው የነበረውን ሙሉ ግድግዳ ከወገቡ ቆርጦ ማስቀረት ነው። ሁለተኛው ወለሉ ካለቀ በኋላ ብሎኬት ደርድሮ አዲስ መሥራት ነው። ሁለቱም የየራሳቸው ድካም አላቸው።

ሙሉ ግድግዳ በአራት በኩል ይያዛል። እግሩ መሠረቱ ላይ ባለው ግሬድ ቢም ላይ ያርፋል፣ ራሱ ከላይኛው ቢም ሥር ይገባል፣ ጎንና ጎኑ ከኮለን ወይም ከሌላ ግድግዳ ጋር ይጋጠማል። ከወገቡ ሲቆረጥ የላይኛው መያዣ ይጠፋል። መተላለፊያ እንዲሆን አንዱ ጫፍ ሲከፈት ደግሞ አንድ ጎኑ ይለቃል። የሚቀሩት እግሩና አንድ ጎኑ ብቻ ናቸው። በዚያ ላይ ቁረጣው በመዶሻ የተሠራ ከሆነ ምቱ የቀሩትን ብሎኬቶች መጋጠሚያ ያላላል፤ ስንጥቁ ለዓይን ባይታይም ሞርታሩ ከብሎኬቱ ተላቆ ይቀመጣል። አዲስ የተሠራው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በለሰለሰ ሴራሚክ ወይም በተወለወለ ሲሚንቶ ላይ ስለሚደረደር ከሥሩ የሚይዘው ነገር የለውም።

በ15 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት የተሠራ፣ በሁለት በኩል የተለሰነ፣ 1 ሜትር ርዝመትና 1 ሜትር ቁመት ያለው ግድግዳ ወደ 250 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ልስኑን ጨምሮ ውፍረቱ 18 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ክብደቱ የሚያርፈው ከጠርዙ 9 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ ነው። ከሥሩ ካልተያዘ፣ አናቱ ላይ የ22 ወይም የ23 ኪሎ ግፊት ሊያጋድለው ይበቃል። በ10 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት የተሠራ ከሆነ ወደ 13 ኪሎ ይወርዳል። አንድ አዋቂ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ሲነሣ የሚያሳርፈው ግፊት ከዚህ በቀላሉ ይበልጣል። መሬት ሲንቀጠቀጥም እንደዚሁ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ አጋማሽ በአፋር በፈንታሌ አካባቢ ተደጋግሞ የደረሰው ርዕደ መሬት አዲስ አበባና ዙሪያዋ ድረስ ተሰምቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ቀድሞ የሚወድቀው ራሱና ጎኑ ያልተያዘ ግድግዳ ነው።

በተፍኪ ከዚህ ሁሉ ላይ የአፈሩ ነገር ይጨመራል። ከተማዋ ከሰበታ ቀጥሎ በጅማ መንገድ ላይ፣ በላይኛው የአዋሽ ተፋሰስ ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ትገኛለች፤ ሜዳው በክረምት ውሃ ይተኛበታል። አፈሩ ኮትቻ ወይም መረሬ የሚባለው ጥቁር ሸክላማ አፈር ነው። ኮትቻ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። በጥርና በየካቲት በግቢ ውስጥ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ በሐምሌ ስንጥቁ ተዘግቶ መሬቱ ወደ ላይ ይገፋል። እርጥበት አጥብቆ መያዙ ዝናብ ካበቃ በኋላ ሽምብራና ጓያ ያበቅላል። ይኸው ጠባይ ቤትን በዓመት አንዴ ያነሣዋል፣ አንዴ ያወርደዋል።

የቤቱ ዋና ግድግዳዎች በመሠረትና በግሬድ ቢም ስለታሰሩ አብረው ይነሣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። የወለሉ ሲሚንቶ ግን በድንጋይና በገረጋንቲ ሙሌት ላይ ለብቻው የተዘረጋ ነው፤ ከግሬድ ቢሙ ተለይቶ ይንቀሳቀሳል። በወለሉ ላይ ብቻ የቆመ ግማሽ ግድግዳ ከወለሉ ጋር ሲነሣ፣ ጎኑ የተጋጠመበት ዋና ግድግዳ ባለበት ይቆያል። መጋጠሚያው ይሰነጠቃል፤ ግድግዳው በቀረው እግሩ ላይ ይወዛወዛል። ስንጥቁ በየዓመቱ በልስን ቢሸፈንም በሚቀጥለው ክረምት ተመልሶ ይወጣል። ልስን ስንጥቅን ይሸፍናል እንጂ ግድግዳን አይዝም።

ስለዚህ ከማንኛውም ጥገና በፊት ግድግዳው የሚነቃነቀው ከየት እንደሆነ ይለያል። አንድ ሰው ጫፉን በቀስታ ይገፋል፤ ሌላው ጣቱን በመጋጠሚያዎቹ ላይ ያደርጋል፦ መጀመሪያ ከወለሉ ጋር በሚገናኝበት፣ ቀጥሎ በየብሎኬቱ ረድፍ፣ በመጨረሻ ከጎን ግድግዳው ጋር በሚጋጠምበት። እንቅስቃሴው ከጣቱ በላይ ተሰምቶ ከጣቱ በታች ካልተሰማ፣ የለቀቀው ቦታ በጣቱ ሥር ነው። አፉ ድረስ የተሞላ የውሃ ብርጭቆ በግድግዳው ላይ ቢቀመጥ ዓይን የማያየውን እንቅስቃሴ ያሳያል። ከዚያ ቱንቢ ይወርዳል፤ ከላይ እስከ ታች ያለው መዛነፍ ይለካል። በስንጥቁ ላይ በእርሳስ መስመር ተሰምሮ ቀኑ ይጻፋል፤ መስመሩ በክረምትና በበጋ መካከል ከተላቀቀ ወይም ከተዛነፈ መንስኤው አፈሩ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ግድግዳው ጣሪያ ተሸክሞ እንደነበር ማወቅ ነው። የኮንዶሚኒየም ቤቶች በአብዛኛው በኮለንና በቢም የተሠሩ ናቸው፤ የመለያ ግድግዳው መሙያ ብቻ ነው። በብዙ የግል ቤቶች ግን ብሎኬቱ ራሱ የጣሪያውን እንጨት ተሸክሟል። እንዲህ ያለው ግድግዳ ከተቆረጠ ጣሪያው ወዲያው በድጋፍ እንጨት ተይዞ በላዩ ቢም እስኪሠራ ድረስ ሥራው ይቆማል። በግድግዳው ውስጥ የሚያልፍ የመብራትና የውሃ መስመርም አስቀድሞ ይታወቃል፤ መብራቱ ከቆጣሪው ይጠፋል፣ ውሃው ይዘጋል።

ግድግዳው ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ ካጋደለ፣ ወይም ብሎኬቶቹ በየረድፉ ከተላቀቁ፣ አፍርሶ መሥራት ከመጠገን ይረክሳል፤ አንድ ሜትር ካሬ የሚፈጀው 12 ወይም 13 ብሎኬት ብቻ ነው። ቀጥ ብሎ የቆመና እግሩ ወይም ጎኑ ብቻ የለቀቀ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ሳይፈርስ ይጸናል። ሥራው ሦስት ነገሮችን መመለስ ነው፦ እግሩን፣ ጫፉንና አናቱን።

እግሩ ከቤቱ ጋር አብሮ በሚንቀሳቀስ ነገር ላይ መታሰር አለበት። ከሥሩ ግሬድ ቢም ካለ ፌሮ በቀጥታ ወደ ቢሙ ይገባል። ለ12 ሚሊ ሜትር ፌሮ 16 ሚሊ ሜትር ስፋትና ቢያንስ 12 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቀዳዳ ይበሳል። ብዙ ጊዜ ሥራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ከቀዳዳው የወጣው አቧራ በብሩሽ ተፍቆ፣ በአየር ተነፍቶ፣ እንደገና ተፍቆ ካልጠራ ፌሮውን የሚያጣብቀው ኢፖክሲ የሚይዘው አቧራውን እንጂ ኮንክሪቱን አይሆንም፤ ፌሮውም በእጅ ሲሳብ ተነቅሎ ይወጣል። በጠራ ቀዳዳ ውስጥ ኢፖክሲው ከታች ወደ ላይ ይሞላል፤ ፌሮው እየተሽከረከረ ይገባል፤ እስኪደርቅ ድረስ አይነካም።

ከሥሩ ግሬድ ቢም ከሌለ ግን ግድግዳው ተነሥቶ ወለሉ በግድግዳው መስመር በግራይንደር ተቆርጦ ይከፈታል። ሥሩ ኮትቻ ከሆነ ወጥቶ በገረጋንቲ ይተካል፤ ገረጋንቲው ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር በሆነ ንጣፍ እየተረጨና እየተጠቀጠቀ ይሞላል። በላዩ ትንሽ ቢም ይሞላና ፌሮው ከነባሩ ግሬድ ቢም ጋር ይታሰራል። ያን ጊዜ ግማሽ ግድግዳው ቤቱ ሲነሣ አብሮ ይነሣል፣ ሲወርድም አብሮ ይወርዳል። በተፍኪና በመሰሉ ጥቁር አፈር አካባቢዎች ይህ ሳይደረግ ጎኑን ብቻ በፌሮ ማሰር ስንጥቁን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ነው።

ሁለተኛው የለቀቀው ጫፍ ነው። በጣም አስተማማኙ መንገድ በጫፉ ላይ የግድግዳውን ውፍረት የሚያህል ትንሽ ኮለን ማቆም ነው፦ አራት 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ፣ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ስታፋ፣ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር። ኮለን የማይመች ከሆነ ግድግዳው በጫፉ ላይ ከ40 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር በጎን ይታጠፋል። ቀጥ ብሎ የቆመ ወረቀት በትንፋሽ ይወድቃል፤ መሐሉ ታጥፎ ሲቆም ግን አይወድቅም። የታጠፈ ግድግዳም ጉልበቱን የሚያገኘው እንዲሁ ነው። መታጠፊያው ለማቀዝቀዣ ወይም ለምድጃ ማስቀመጫ ሊውል ይችላል። ከነባሩ ግድግዳ ጋር የሚጋጠመው ጎን ደግሞ በየሁለት ረድፉ፣ ማለትም በየ40 ሳንቲ ሜትሩ፣ በ8 ሚሊ ሜትር ፌሮ ይያያዛል።

ከሙሉ ግድግዳ ተቆርጦ የቀረ ከሆነ አንድ ጥቅም አለው፤ የብሎኬቱ ቀዳዳዎች ወደ ላይ ተከፍተዋል። አንድ ጎናቸው የተደፈነ ከሆነ በመሮ ይከፈታሉ። ከታችኛው ረድፍ የብሎኬቱ ፊት በጥንቃቄ ተከፍቶ 10 ሚሊ ሜትር ፌሮ ወደ ቢሙ ይተከላል፤ ከዚያም በየ40 ሳንቲ ሜትሩ አንድ ቀዳዳ በደቃቅ ጠጠር ኮንክሪት እየተወጋ ይሞላል። ባዶ የነበረው ግድግዳ በውስጡ አጥንት ያበቅላል።

ሦስተኛው አናቱ ነው። በግድግዳው ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው፣ ሁለት 10 ሚሊ ሜትር ፌሮ የያዘ የኮንክሪት መቀነት ይሞላል። ከጫፉ ኮለንና ከጎን ግድግዳው ጋር ሲታሰር አንድ ቦታ የሚያርፈው ግፊት ለሁሉም ይከፋፈላል። ግራናይቱ የሚለብሰው በዚህ ላይ ነው። 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግራናይት በሜትር ካሬ ወደ 54 ኪሎ ይመዝናል፤ ከግድግዳው ወደ ሳሎን 30 ሳንቲ ሜትር ከወጣ ክብደቱ ዘወትር ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። ስለዚህ ከ15 ሳንቲ ሜትር በላይ የሚወጣ ገጽ ከሥሩ የብረት ደጋፊ ያስፈልገዋል። በማድ ቤቱ በኩል ያለው ቁም ሣጥን ከግድግዳውም ከወለሉም ጋር በብሎን ቢታሰር ተጨማሪ ድጋፍ ይሆናል፤ ዋናውን እስር ግን አይተካም።

በጭቃ ቤት ውስጥ ያለው ግማሽ ግድግዳ አሠራሩ ሌላ ቢሆንም ሕጉ አንድ ነው። ጉልበቱ በቋሚው እንጨት ላይ ነው፤ ቋሚው ደግሞ የሚደክመው ከመሬት ጋር በሚገናኝበት፣ ምስጥና እርጥበት በሚበሉት ቦታ ነው። ቋሚው ሲቆረጥ ከላይ የነበረው ማያያዣ ይጠፋል፤ ከታች ከበሰበሰ ግድግዳው የቆመው በጭቃው ብቻ ነው። በጫፉ ያለው ቋሚ በአዲስ የባሕር ዛፍ እንጨት ይተካል፤ ልጡ ይላጣል፣ የሚቀበረው ክፍል የተቃጠለ ዘይት ይቀባል፣ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ተቀብሮ ዙሪያው በድንጋይ ይጠቀጠቃል። በቋሚዎቹ መካከል አንድ ሰያፍ እንጨት በምስማር ይመታል፣ ራሳቸው በአግድም ጣውላ ይታሰራል። ከዚያ በኋላ ነው ማገሩ የሚመታውና ጭድ ያለው ጭቃ የሚለጠፈው።

እስሩ ሲያልቅ የተሰነጠቀው ልስን ተነሥቶ በመጋጠሚያዎቹ ላይ የሽቦ መረብ ይደረግና እንደገና ይለሰናል። ኮንክሪቱና ልስኑ ቢያንስ ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣሉ፤ በበጋ፣ ነፋሱ ደረቅ በሆነበት ወቅት፣ በእርጥብ ጆንያ መሸፈን ይገባል። ኮንክሪት ሙሉ ጉልበቱ የሚታሰበው በ28 ቀን ስለሆነ ግራናይቱን ለመጫን መቸኮል አይገባም።

የጥገናው ዕድሜ የሚወሰነው ግን ከግድግዳው ውጭ ባለው ውሃ ነው። ከዕቃ ማጠቢያው ሥር የሚያንጠባጥብ ቱቦ፣ የጣሪያ ውሃ የሚወርድበት አሸንዳ አልባ ጠርዝ፣ ከግድግዳው ሥር የሚፈስ እጣቢ ኮትቻውን በአንድ በኩል ብቻ ያሳብጡታል። ቱቦው ይጠገናል፣ አሸንዳው ይተከላል፣ በቤቱ ዙሪያ 1 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ወደ ውጭ የሚያዘነብል የሲሚንቶ ንጣፍ ይሠራል፤ ከቤቱ ተጠግቶ የቆመ ባሕር ዛፍም በበጋ አፈሩን ስለሚያደርቅ ይነሣል። አንድ ክረምትና አንድ በጋ አልፈው በመጋጠሚያው ላይ እንደገና የተሰመረው የእርሳስ መስመር ሳይቆረጥ ከተገኘ ግድግዳው ጸንቷል።