ውኃ ያልነካው ስልክ «ረጥቤያለሁ» ሲል

ኮልፌ አጠና ተራ የሚሠራ አንድ ደላላ ይታሰብ። ረፋዱ ላይ የስልኩ ባትሪ 9 በመቶ ቀርቶታል። ገዢው ቀብዱን በቴሌብር እልካለሁ ብሏል፤ ሻጩ በበኩሉ «ሌላ ሰው መጥቶብኛል» እያለ ይደውላል። ደላላው ቻርጀሩን ሲሰካ ስልኩ ቻርጅ በማድረግ ፈንታ የውኃ ጠብታ ምስል አውጥቶ «ቀዳዳው ውስጥ እርጥበት አለ፤ ገመዱን ይንቀሉ» ይለዋል። ስልኩን ግን ጠብታ ዝናብ አልነካውም።

ነገሩ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስልክ ለብዙ ነጋዴ ካዝናም ጭምር ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ስልኩም መለዋወጫውም በዶላር የሚገባ ዕቃ በመሆኑ፣ ሳይበላሽ የተቀየረ የቻርጅ ቦርድ በከንቱ የወጣ የውጭ ምንዛሪ ነው ማለት ይቻላል።

ስልኩ እርጥበትን የሚያውቀው ውኃ በማየት አይደለም። የዛሬዎቹ ስልኮች የሚጠቀሙበት «ዩኤስቢ ሲ» የተባለው መሰኪያ በሙሉ አሠራሩ 24 ጥቃቅን የብረት ጥርሶች አሉት። ስልኩ ከእነዚህ በአንዳንዶቹ ላይ በጣም አነስተኛ ኤሌክትሪክ እየላከ፣ በጥርሶቹ መካከል ኤሌክትሪክ ሊያልፍ የማይገባው መንገድ ተከፍቶ እንደሆነ ይለካል። ደረቅ አየር አያሳልፍም፤ ጨው ያለበት ውኃ ያሳልፋል። ችግሩ ላብ የነካው አቧራ፣ የኪስ ብናኝ፣ የደረቀ ለስላሳ መጠጥና የዛገ ጥርስም እንደዚሁ ማሳለፋቸው ነው። ሚዛን ክብደቱን እንጂ በከረጢቱ ውስጥ ያለው ጤፍ ይሁን አሸዋ እንደማይለይ ሁሉ፣ ስልኩም ውኃውን ከቆሻሻው አይለይም። በክረምት አየሩ ራሱ እርጥበት ስለሚይዝ ጨዋማው አቧራ ያንን ይስብና ማስጠንቀቂያው ጠዋት መጥቶ ከሰዓት ሊጠፋ ይችላል።

ሆኖም ማስጠንቀቂያውን እንደ ጠላት ማየት አይገባም። እርጥብ ጥርስ ላይ የቻርጅ ኃይል ሲለቀቅ ብረቱ በኬሚካላዊ ለውጥ እየተበላ ይሄዳል፤ ጉዳቱም ቶሎ ይደርሳል። አይፎን «በአስቸኳይ ሁኔታ» ማስጠንቀቂያውን አልፎ ቻርጅ ማድረግን ይፈቅዳል፤ ፈቃዱ ግን ዋስትና አይደለም። ስልኩ 1.5 ሜትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ 30 ደቂቃ ይቋቋማል የሚለው የፋብሪካ ማረጋገጫም ቢሆን ረጥቦ ቻርጅ ማድረግን አይመለከትም።

ስለዚህ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያው እውነት ነው ብሎ መነሳት ርካሹ መንገድ ነው። ገመዱን ነቅሎ፣ ስልኩን ቀዳዳውን ወደ ታች አድርጎ በመዳፍ ላይ ቀስ እያሉ መታ መታ ማድረግና ነፋስ በሚያገኘው ደረቅ ስፍራ ቢያንስ 30 ደቂቃ ማቆየት ነው። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ እስከ 24 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ሩዝ ውስጥ መቅበር ብዙ ሰው የሚያምንበት ዘዴ ቢሆንም አፕል ራሱ አያደርጉት ይላል፤ የሩዙ ብናኝ ሌላ ችግር ይፈጥራልና። የፀጉር ማድረቂያና ጥጥም እንዲሁ አይመከሩም። ጀርባው ደረቅ ከሆነና ስልኩ ያለ ገመድ ቻርጅ የሚያደርግ ዓይነት ከሆነ ደላላው የዕለቱን ሥራ በዚያ ማትረፍ ይችላል።

ጊዜው አልፎ ማስጠንቀቂያው ካልጠፋ ጥርጣሬው ወደ ገመዱ መዞር አለበት። እዚህ ላይ ነው ብዙ ገንዘብ የሚባክነው። ሌላ ገመድና ሌላ ቻርጀር ተበድሮ መሞከር ሳንቲም አያስወጣም። ማስጠንቀቂያው በአንዱ ገመድ ብቻ የሚመጣ ከሆነ በሽተኛው ገመዱ ነው፤ ጫፉ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሆኖ ከተገኘማ ነገሩ አለቀ። በሁሉም ገመድ ከመጣ ስልኩን አጥፍቶ ቀዳዳውን በባትሪ ብርሃን ማየትና በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ብናኙን ማውጣት ነው። መርፌ መክተት ጥርሱን ማጣመም ነው።

ቀዳዳው ንጹሕ ሆኖም የማይሻለው ስልክ አለ። ሳምሰንግ ላይ ስልኩን አጥፍቶ ማብራት፣ ካልሆነም ከሲስተም መተግበሪያዎች መካከል «ዩኤስቢ ሴቲንግስ» የሚለውን ፈልጎ የተከማቸውን መረጃ ማጽዳትና እንደገና ማስነሳት አንዳንዴ የቆየውን ምልክት ያጠፋዋል።

ምንም ሳይሰካበት ምልክቱ በየዕለቱ የሚመጣ ከሆነ ወደ ጠጋኝ መሄድ ግድ ነው። በብዙ ስልኮች የቻርጅ ቀዳዳው ለብቻው በሚፈታ ትንሽ ቦርድ ላይ ስላለ መቀየሩ አይከብድም። ነገር ግን ባለቤቱ «ከመቀየርህ በፊት አጽዳው» ማለት ይኖርበታል። ማጽጃው ውኃ ያልበዛበት አልኮል መሆን አለበት፤ ለቁስል የሚሸጠው 70 በመቶው የቀረው ውኃ ነው። ስልኩ አንዴ ከተከፈተ ውኃ የሚከላከለው ሙጫም ስለሚላቀቅ፣ አዲስ ሙጫ ካልተደረገለት ከዚያ በኋላ ውኃ ይችላል ተብሎ አይሸጥም።

ይህ ያገለገለ ስልክ ለሚያገበያዩም ይመለከታል። ከላይ የተጠቀሰው መረጃ የማጽዳት ዘዴ የዛገውን ጥርስ አያድነውም፤ ምልክቱን ግን ለጊዜው ሊደብቀው ይችላል። ገዢው የራሱን ገመድ ይዞ ሄዶ፣ ሻጩ ፊት ሰክቶ፣ ቡናውን እስኪጨርስ ድረስ ቻርጅ መያዙን ሳያይ ገንዘቡን ባይልክ ይሻለዋል።