ከዜናው በኋላ

በመስከረም 1928 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ጦር መረብን ሊሻገር ቀናት ሲቀሩት፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በአቃቂው የሬዲዮ ጣቢያ በኩል ለአሜሪካ ሕዝብ ተናገሩ። እቴጌ መነንም በዚያው ሰሞን ለዓለም ሴቶች ድምፃቸውን አሰምተዋል። ጣቢያውን የተከለው አንሳልዶ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ ነበር፤ ውሉን የያዘው ጦርነቱ ከመምጣቱ ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። ጠላት በሠራው ማሠራጫ ስለ ጠላት ለዓለም አቤት ማለት ለታሪክ ጸሐፊ የተመቸ ምፀት ነው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የኢትዮጵያ ሬዲዮ በአገሩ አድማጭ ሳያፈራ አሜሪካ ውስጥ አድማጭ ማግኘቱ ነው። በዚያን ዘመን ሬዲዮ መቀበያ የነበረው ጥቂት መኳንንት፣ የውጭ ነጋዴና ዲፕሎማት ነው። ባላገሩ መንግሥት የሚለውን የሚሰማው በነጋሪትና በገበያ አዋጅ ነበር።

ከነፃነት በኋላ በ1933 ዓ.ም. ጣቢያው በትንሽ ማሠራጫ እንደገና ሲነሳም ይኸው የአዋጅ ባሕርይ አብሮት ተነሳ። ሬዲዮ ማለት ቤተ መንግሥቱ የሚናገርበት አፍ ማለት ነበር። ይህ ጠባይ በሦስት ሥርዓት ውስጥ እምብዛም አልተለወጠም፤ አፉን የሚይዘው ሰው ነው የተለዋወጠው።

መንግሥት ለመገልበጥ የተነሳ ሁሉ ከቤተ መንግሥቱ ቀጥሎ የሚያስበው ይህንን ጣቢያ ነው። ታኅሣሥ 5 ቀን 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ሳሉ የክብር ዘበኛው መፈንቅለ መንግሥት ሲካሄድ፣ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን የአዲሱን መንግሥት መግለጫ በሬዲዮ አነበቡ። አንድ ነገር ግን ጎደለ፤ ጣቢያውን የያዙት ሰዎች ጦሩን አልያዙም። የንጉሡ ታማኞች የፓትርያርኩን የውግዘት ቃል በወረቀት አትመው በተኑ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ነገሩ በጠመንጃ አለቀ። ደርግ ከዚህ የተማረ ይመስላል። በሰኔ 1966 ዓ.ም. ሬዲዮ ጣቢያውን የያዘው ጦሩን ካደራጀ በኋላ ነው፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. የንጉሡ መውረድ ሲታወጅ የሚከራከር ኃይል አልነበረም። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ስለ ስድሳዎቹ ባለ ሥልጣናትና መኮንኖች ግድያ ሕዝቡ የሰማውም እሁድ ጠዋት ከዚሁ ሬዲዮ ነው። የዚያ ትውልድ ሰዎች ዛሬም ሬዲዮ ሰዓቱን ሳይጠብቅ ማርሽ ካሰማ ደማቸው ይቀዘቅዛል።

ከዚያ በኋላ ግንቦት 1983 ዓ.ም. መጣ። ግንቦት 13 ቀን ቀትር ላይ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከሥልጣን ወርደው አገር ለቀው መሄዳቸው በሬዲዮ ተነገረ። ግንቦት 20 ደግሞ ከዚያው ጣቢያ የኢሕአዴግ ተዋጊዎች መግለጫ ተሰማ። ጣቢያው ለአዲሱ ባለቤት አገልግሎቱን የጀመረው በሳምንት ልዩነት ነው።

ስለ ጣቢያው ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ነው። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በ1955 ዓ.ም. የካቲት ወር አዲስ አበባ ላይ የከፈተው ይህ ጣቢያ፣ ጌጃ በተተከሉ ሁለት ባለ 100 ኪሎዋት የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎች ለአፍሪካ፣ ለመካከለኛው ምሥራቅና ለእስያ በብዙ ቋንቋ ያስተላልፍ ነበር። ስሙ የወንጌል ይሁን እንጂ ከስብከቱ ይልቅ ለዜናው፣ ለጤናው፣ ለእርሻውና ለትምህርቱ ብዙ ሰዓት ይሰጥ ነበር። መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰውና የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ አለው። አገሪቱ እንዲህ ያለ ጉልበት ያለው የአጭር ሞገድ ጣቢያ በራሷ ገንዘብ ለመትከል ዓመታት ይፈጅባት ነበር፤ በአንድ ቀን ትእዛዝ አገኘችው። ያገኘችው ግን መሣሪያውን ነው። የተለያየ አገር ሰው በየቋንቋው ፕሮግራም የሚሠራበት ያ የአሠራር ባህል አብሮ አልተወረሰም።

እዚህ ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይነሳል፤ ዜናው ነጋ ጠባ የአንድ ሰው ስብሰባና ንግግር ከሆነ፣ ሕዝቡ ይህን ሬዲዮ ለምን ወደደው? በደርግ ዘመን ያደገ ሰው ስለ ኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲነሳ ፊቱ የሚፈካው ለምንድን ነው?

እኔ እንደሚመስለኝ ችሎታው ያለው ሰው ዜናው ውስጥ መሥራት አልቻለም። የዜናው ቃል ከላይ ተጽፎ ይመጣል፤ አንባቢው ነጠላ ሰረዝ ማንቀሳቀስ እንኳ አይደፍርም። ከዜናው በኋላ ያለው ሰዓት ግን ከላይ የሚጽፍለት ሰው አልነበረውም። ባለሙያው ጉልበቱን ሁሉ የጨመረው እዚያ ነው። ከእነዚህ ሰዓታት ሁሉ የሚልቅብኝ «ከመጻሕፍት ዓለም» የተባለው የመጽሐፍ ትረካ ነው።

ተራኪው ወጋየሁ ንጋቱ የመድረክ ሰው ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ይዞ ማይክ ፊት ሲቀመጥ መጋረጃ የለ፣ አልባሳት የለ፣ አጋር ተዋናይ የለ። ያለው ትንፋሽ ብቻ ነው። የፊታውራሪ መሸሻን ትዕቢት በአንድ ትንፋሽ፣ የሰብለ ወንጌልን እፍረት በሌላ፣ የጉዱ ካሣን ምላስ በሦስተኛ ይዞ፣ በመሃል ደግሞ ተራኪው ሆኖ ይመለሳል። የሚገርመው ለውጡ ድምፅ በማወፈርና በማቅጠን ብቻ የመጣ አለመሆኑ ነው። ፍጥነቱ ይለያያል፤ ባለ ሥልጣን ሲናገር ቃሉን እየተንጠራራ ይጥለዋል፤ ተማሪው በዛብህ ሲናገር ዓረፍተ ነገሩ ጫፍ ላይ ትንሽ ይሰበራል። መጽሐፉ ወፍራም ነው። ማንበብ የሚችለው ሁሉ ገዝቶ አያነበውም፤ ማንበብ የማይችለው ደግሞ በጣም ብዙ ነበር። ሬዲዮው ግን ልብ ወለዱን ጎጃም ውስጥ ላለ ገበሬ ሳይቀር በሳምንት በሳምንት አደረሰለት። አማርኛ ልብ ወለድ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ ይህን ያህል አድማጭ ያገኘበት አጋጣሚ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ከተማ ውስጥ ሬዲዮ የሌለው ሰው ጎረቤት ሄዶ፣ ገጠር ውስጥ ደግሞ ባለ ሬዲዮው ደጅ ላይ ተሰብስቦ ይሰማ ነበር። ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ነፍስ ይዘራል፤ ያ ነፍስ የሚቆጠበው ለትረካው ነው። ለዜናው ብሎ ባትሪ የቆጠበ ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም።

ስፖርቱም እንዲሁ ነበር። በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የሴካፋ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት ስታሸንፍ፣ የስፖርት ጋዜጠኛው የደምሴ ዳምጤ ድምፅ ከዋንጫው እኩል የሚታወስ ሆነ። ስታዲየም ገብቶ በዓይኑ እያየ ትንሽዬ ሬዲዮ ጆሮው ላይ የሚለጥፍ ተመልካች የዚያ ዘመን ነው። ጨዋታውን አይቶት፣ ምን እንዳየ ደግሞ ከደምሴ ይሰማል።

የዘፈን ምርጫው፣ የእሁድ ጠዋቱ ዝግጅት፣ የአድማጭ ደብዳቤው ሁሉ የዚያው ሰዓት ልጆች ናቸው። የደብዳቤው ባህል ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየ ለማየት «የቀን ቅኝት»ን ማንሳት ይበቃል። ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር ያዘጋጀው ይህ ተከታታይ ድራማ ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ 257 ክፍል ተላልፎ፣ ከ15,000 በላይ የአድማጭ ደብዳቤ አስመጥቷል። ያ ሁሉ ሰው ወረቀትና ቴምብር ገዝቶ፣ ፖስታ ቤት ሄዶ ነው የጻፈው። ጉዳዩም የቤተሰብ ምጣኔ፣ ኤች አይ ቪና ጠለፋን የመሳሰለ፣ በቤት ውስጥ ደፍሮ የማይወራ ነገር ነበር።

ዜናውን በተመለከተ ግን ሕዝቡ ሌላ መንገድ ነበረው። የዶይቸ ቬለ የአማርኛ ክፍል በ1957 ዓ.ም. ጀምሯል፤ የአሜሪካ ድምፅ አማርኛ ደግሞ በ1975 ዓ.ም.። ከሰሜን የአማፅያኑ ጣቢያዎች ይመጡ ነበር። የቀን ሬዲዮው ከፍ ተደርጎ በር ተከፍቶ ይሰማል፤ የማታው ግን ዝቅ ተደርጎ፣ በር ተዘግቶ፣ ጆሮ ተለጥፎበት። ጠዋት ደግሞ ሬዲዮው ቀድሞ ወደነበረበት ሞገድ መመለሱን አረጋግጦ ከቤት መውጣት የጥንቃቄ ደንብ ነበር። መንግሥት ሁሉንም ጆሮ ይዟል ብሎ ሲያስብ፣ ሕዝቡ ጆሮውን በሁለት ሰዓት ከፍሎ ይጠቀምበት ነበር ማለት ነው።

የቋንቋው ጉዳይ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ እዚህ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ጣቢያው በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ፣ በአፋርኛና በሌሎችም ቋንቋዎች፣ ለውጭ አድማጭ ደግሞ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በዐረብኛ አስተላልፏል። ከጌጃ ሌላ ሐረርና መቱ ላይ የመካከለኛ ሞገድ ማሠራጫዎች ተተክለው አገሪቱን ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ሲሸፍኑ፣ ምሽት ላይ ሞገዱ ሩቅ ይጓዝ ስለነበር ድንበር ዘለልም ይሰማ ነበር። ይሁንና ለእያንዳንዱ ቋንቋ የሚደርሰው ሰዓት እጅግ የተለያየ ነበር። ከዜና ትርጉም አልፎ በራሱ ቋንቋ ትረካና ድራማ ያገኘ አድማጭ ጥቂት ነበር፤ ወጋየሁ ለአማርኛ የሠራውን ለሌሎቹ የሚሠራ ሰው ሳይኖር ቀርቶ አይመስለኝም። ሰዓቱ ነው ያልተሰጠው።

በ1992 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሬዲዮ ድርጅት ራሱ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1ን ሲከፍት የከተማው ጆሮ መሄድ ጀመረ። በ2000 ዓ.ም. በመዓዛ ብሩ የተመሠረተው ሸገር 102.1 ሲመጣ ደግሞ ረጅም ወግ፣ የመጽሐፍ ንባብ፣ የአንጋፋ ሰው ጨዋታ ወደዚያ ዞረ። ልብ ይበሉ፣ ሸገር የወሰደው የኢትዮጵያ ሬዲዮን ዜና አይደለም። ከዜናው በኋላ የነበረውን ሰዓት ነው የወሰደው። ብሔራዊው አገልግሎት የቀረው ከነዜናው ነው።

ዛሬ ድርጅቱ በ2006 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ የኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን ተብሎ፣ ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሆኗል። በወረቀት ላይ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። አድማጩ ለውጡን የሚያየው ግን በስሙ ላይ አይደለም፤ ምክር ቤቱ የኮርፖሬሽኑን ሪፖርት ሲሰማ ስለ ሬዲዮው በሚጠይቀው ላይ ነው። ስለ ማሠራጫ ዕድሳትና ስለ ሽፋን ይጠየቃል፤ ይህም ተገቢ ነው፤ ኤፍ ኤም የማይደርስበት ወረዳ ብዙ ነውና። ስለ ትረካ፣ ስለ ድራማ፣ በአሥር ቋንቋ መጽሐፍ ስለሚያነቡ ሰዎች ደሞዝ የጠየቀ የምክር ቤት አባል ካለ ግን፣ እኔ ስሙን ብሰማ ደስ ይለኛል። የወጋየሁ ንባብ ዛሬ በየስልኩ ይዞራል። ብዙው ቅጂ ሰው በየቤቱ በካሴት ቀድቶ ያስቀመጠው ይመስላል፤ የካሴቱ ጫጫታ ይሰማበታል፤ አንዳንዱ መሃሉ ተቆርጦ ሌላ ዘፈን ገብቶበታል። የጠራውን ቅጂ አጽድቶ፣ በሙሉ ክፍሉ፣ ለሕዝብ በነፃ መልቀቅ ለዚህ ኮርፖሬሽን የአንድ ወር ሥራ ነው።