መነጽርን ከመጣል አስቀድሞ

መጽሐፍ ሲያነብ ፊደሉን አጥርቶ የሚያይ፥ ከመንገድ ማዶ ያለውን ወዳጁን ግን መለየት የሚሳነው ሰው በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ይገኛል። ይህ የዓይን ጉድለት ማዮፒያ ይባላል። የቆየው ረዳቱ መነጽር ሲሆን፥ በዘመናችን ግን በሌዘር ታክሞ መነጽርን መተው ስለሚቻል፥ «ልታከም ወይስ ልተው?» የሚለው የብዙ ሰው ጥያቄ ሆኗል። መልሱ እንደ ዓይኑ ጠባይ፥ እንደ ዕድሜውና እንደ ሥራው ስለሚለያይ ነገሩን ከሥሩ መረዳት ይገባል።

በጤናማ ዓይን ብርሃን ኮርኒያ በተባለው የፊት ጥሩ ሽፋን አልፎ በስተኋላ ባለው ሬቲና ላይ ያርፋል። ማዮፒያ ባለበት ዓይን ግን የዓይኑ ኳስ ስለሚረዝም ወይም ኮርኒያው ከመጠን በላይ ስለሚጐብጥ ምስሉ ሬቲናው ዘንድ ሳይደርስ ይሠራል። ኤክሳይመር የተባለው ሌዘር ኮርኒያን በስሱ ሊልግ እንደሚችል ትሮክልና ስሪኒቫሳን የተባሉ ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1983 ዓ.ም. ጽፈው አስታወቁ፤ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ለሕክምና ፈቀደው።

የሕክምናው ዋና መንገድ ሁለት ነው። በመጀመሪያው የኮርኒያው የላይ ቆዳ ተነሥቶ ይላጋል፤ ለጥቂት ቀናት ያማል፥ እይታውም ቀስ በቀስ ይጠራል። ላሲክ በተባለው በሁለተኛው ስስ ክዳን ተገልጦ ውስጡ ከተላገ በኋላ ክዳኑ ይመለሳል። ብዙ ሰው በማግሥቱ አጥርቶ ያያል፤ ይሁን እንጂ ብርቱ ምት ክዳኑን ሊያነቃንቀው ይችላል።

የኮርኒያ ውፍረት ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። የመነጽሩ ቁጥር በበዛ መጠን የሚላገው ይበዛል፥ የሚቀረውም ይሳሳል። ስለዚህ ኮርኒያው ስስ የሆነ ወይም ኬራቶኮነስ በተባለው በሽታ ቅርጹ እንደ ሾጣጣ የወጣ ሰው ላሲክ አይገባውም። እንዲሁም ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ፥ የመነጽሩ ቁጥር በአንድ ዓመት ውስጥ የተለዋወጠ፥ ዓይኑ እጅግ የሚደርቅ፥ እርጉዝና የምታጠባ ሴት ሊቈዩ ይገባል።

ዕድሜን በሚመለከት ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። የ44 ዓመት መምህር እናስብ። በመነጽሩ የኋላውን ወንበር ያያል፤ ደብተር ሲያርም ግን መነጽሩን አውልቆ በባዶ ዓይኑ ያርማል። ይህ ሰው ሁለቱንም ዓይኖቹን ለሩቅ እይታ ቢታከም የኋላው ተማሪ ጠርቶ ይታየዋል፤ ደብተሩን ለማረም ግን የንባብ መነጽር ያሻዋል። ይህም ሕክምናው ስለ ተበላሸ አይደለም፤ ከ40 ዓመት ወዲያ የማንኛውም ሰው ዓይን በቅርብ ለማየት ስለሚደክም ነው። እንግዲህ መነጽሩን ለወጠው እንጂ አልጣለውም። የ25 ዓመት ወጣት ግን ይህ እስኪደርስበት ድረስ ብዙ ዓመት አለው።

ከሕክምናው በኋላ ለጥቂት ወራት ዓይን መድረቁና በሌሊት በመብራት ዙሪያ ክብ ብርሃን መታየቱ የተለመደ ነው፤ በጥቂቶች ላይም ይዘልቃል። ሌዘር የረዘመውን የዓይን ኳስ አያሳጥርም። ስለዚህ የታከመ ሰውም ድንገት የብርሃን ብልጭታ ወይም እንደ መጋረጃ ያለ ጥላ ቢያይ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ሬቲናው እየተላቀቀ ሊሆን ይችላልና።

መምህራን ሆይ፥ ሰሌዳውን ለማንበብ ዓይኑን የሚያጨፈግግ ሕፃን ብታዩ መድኃኒቱ ሌዘር ሳይሆን ምርመራና መነጽር ነው።

ለመታከም ያሰበ ሰው ሐኪሙን አስቀድሞ ይጠይቅ፦ የኮርኒያዬ ውፍረትና ቅርጽ እንዴት ነው? ቁጥሬ ጸንቷልን? ከታከምሁ በኋላ ለየትኛው ሥራ መነጽር ያሻኛል? ያልተስማማ መነጽር ይለወጣል፤ የተላገ ኮርኒያ ግን አይመለስም። መልሱን ሰምቶ በመነጽሩ የሚጸናም፥ የሚታከምም በማስተዋል ወስኗል።