ከተራ ባሕረኛነት ወደ መርከብ መኮንንነት

የንግድ መርከብ መኮንን ወታደራዊ ማዕረግ የያዘ ሰው ሳይሆን፣ በካፒቴኑ ሥር ሆኖ የመርከቡን ጉዞ ወይም የሞተር ክፍሉን በተራው ተረክቦ እንዲመራ በመንግሥት የብቃት ማረጋገጫ ምስክር ወረቀት የተሰጠው ባለሙያ ነው። ገመድ የሚያስሩት፣ መሪ የሚይዙት፣ ዝገት የሚፍቁትና ሞተር የሚያጸዱት ሠራተኞች ተራ ባሕረኞች ሲባሉ፣ ከእነርሱ አንዱ መኮንን መሆን ቢሻ መንገዱ ክፍት ነው፤ ሆኖም የሚጠበቅበት ረጅም አገልግሎት ብቻ ሳይሆን፣ በዚያ አገልግሎት ውስጥ ምን እንደ ሠራና ምን እንደ ተማረ በማስረጃ ማሳየት ነው።

መለኪያውን ለዓለም ሁሉ ያወጣው፣ የባሕረኞችን ሥልጠና፣ የምስክር ወረቀት አሰጣጥና የተረኝነት ሥርዓት የሚወስነው ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1978 ለንደን ላይ ጸድቆ በ1984 ሥራ ላይ ዋለ። በ1995 በስፋት ሲከለስ፣ ዕጩው ማወቁን ብቻ ሳይሆን ሥራውን በእጁ መሥራት መቻሉን እንዲያሳይ የሚያስገድድ ሥርዓት የተዘረጋ ሲሆን፣ በ2010 ማኒላ ላይ የተደረገው ማሻሻያ ደግሞ የኤሌክትሮኒክ ካርታንና የመሳሰሉትን አዳዲስ መሣሪያዎች ሥልጠና አጠናከረ።

በስምምነቱ መሠረት 500 ጥቅል ቶንና ከዚያ በላይ በሆነ መርከብ ላይ (ጥቅል ቶን የመርከቡን ክብደት ሳይሆን የውስጥ ስፋቱን የሚገልጽ ልኬት ነው) የጉዞ ተረኛ መኮንን ለመሆን የሚያመለክት ሰው ቢያንስ 18 ዓመት የሞላውና ቢያንስ 36 ወራት በባሕር ላይ ያገለገለ መሆን አለበት። በታወቀ የሥልጠና መርሐ ግብር የገባ ካዴት፣ ማለትም ዕጩ መኮንን፣ 12 ወራት ይበቃዋል፤ የልዩነቱ ምክንያትም ካዴቱ በመርከብ ላይ የሚያሳልፈው ጊዜ በሥልጠና መዝገብ የታሰረ መሆኑ ነው። በዚህ መዝገብ ላይ ካዴቱ የመርከቡን ቦታ በከዋክብት ከፍታ ሲለካ፣ የነፍስ አድን ጀልባ ሲያወርድ ወይም የጭነት ክፍል ሲመረምር ያየው መኮንን ሥራውን በትክክል መፈጸሙን በፊርማው ያረጋግጣል፤ ያልተፈረመበት ተግባር እንዳልተሠራ ይቆጠራል። በሁለቱም መንገድ ቢሆን ከአገልግሎቱ ውስጥ ቢያንስ 6 ወራት መርከቡ በሚመራበት፣ ባሕረኞች ብሪጅ በሚሉት ክፍል፣ በካፒቴኑ ወይም በሌላ መኮንን ቁጥጥር ሥር ተረኛ ሆኖ መሥራት ግዴታ ነው።

የዚህ ስድስት ወር ዋጋ በሌሊት ጉዞ ጎልቶ ይታያል። መርከብ ሁሉ በግራ ጎኑ ቀይ፣ በቀኝ ጎኑ አረንጓዴ መብራት ያበራልና፣ ተረኛው በቀኙ በኩል መንገዱን አቋርጦ የሚመጣ መርከብ ቀይ መብራት ካየና የሚታይበት አቅጣጫ ሳይለወጥ እየቀረበ ከመጣ፣ ግጭት እንደሚያሰጋና መንገድ መልቀቅ የእርሱ ግዴታ እንደሆነ ወዲያው መረዳት አለበት። ደንቡን በክፍል ውስጥ በአንድ ቀን ማጥናት ይቻላል፤ በዝናብና በማዕበል፣ ከብዙ ዓሣ አጥማጅ ጀልባዎች መካከል ያን አንድ ቀይ ነጥብ ለይቶ በጊዜ መወሰንን ግን የሚያስተምረው ባሕሩ ራሱ ነው። በሕክምና ምርመራ ቀይንና አረንጓዴን መለየት ያልቻለ ዕጩ የጉዞ መኮንን እንዳይሆን የሚከለከለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚህ ሌላ ራስን ከመስጠም ማዳን፣ እሳት ማጥፋት፣ የመጀመሪያ ሕክምና ርዳታና የአደጋ ጊዜ ሬዲዮ አጠቃቀም ሥልጠናዎች ይጠየቃሉ።

የሞተር ክፍል መኮንኖች መንገድ ተመሳሳይ ቢሆንም፣ የዎርክሾፕ ሥራ ልምድ ከባሕር አገልግሎት ጋር ተደምሮ ይቆጠርላቸዋል። ወደብ የሌላት ኢትዮጵያ ለዓለም የመርከብ ሥራ በይበልጥ በዚህ በኩል በሯን መክፈቷ ተገቢ ነበር፤ በባሕር ዳር ከጣና ዳርቻ የተቋቋመው የባሕር ትምህርት ተቋም በመካኒካልና በኤሌክትሪካል ምህንድስና የተመረቁ ወጣቶችን ተቀብሎ ለሞተርና ለኤሌክትሪክ መኮንንነት አዘጋጅቷል። ይሁን እንጂ ዲግሪ የባሕር ወራትን አይተካም፤ በመሆኑም ለማንኛውም ካዴት ከፈተናው ይልቅ ወሳኙ ነገር ልምምዱን የሚያጠናቅቅበት መርከብ ማግኘቱ ነው።

የመጀመሪያውን ምስክር ወረቀት ያገኘ የጉዞ መኮንን 3,000 ጥቅል ቶንና ከዚያ በላይ በሆነ መርከብ ላይ ምክትል ካፒቴን ለመሆን ቢያንስ 12 ወራት በመኮንንነት ማገልገል፣ ካፒቴን ለመሆን ደግሞ 36 ወራት መድፈን ይጠበቅበታል፤ ከእነዚህ ውስጥ ቢያንስ 12ቱን በምክትልነት ካሳለፈ ግን 24 ወራት ይበቁታል። የካፒቴኑም ወረቀት ቢሆን ከአምስት ዓመት በላይ አይዘልቅም፤ ለማሳደስ በእነዚያ ዓመታት ቢያንስ 12 ወራት ባሕር ላይ መሥራቱን ወይም በሕጉ የተፈቀደ ሌላ ማስረጃ ማቅረብ አለበት፤ የጤና ምስክር ወረቀቱንም ቢበዛ በየሁለት ዓመቱ ያድሳል።